ቀይ ያልነካው ካላንደር

ሰው በጋብቻው ዕለት ብዙ ነገር ይረሳል። ቀለበት የረሳ አውቃለሁ፤ ሚዜውን ነዳጅ ማደያ ጥሎ የሄደም አውቃለሁ። እኔ ግን የረሳሁት በዓል ነው። ያውም አገር ሙሉ ሥራ የሚዘጋበትን፣ ያውም በዓልን ለሕዝብ ማሳወቅ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ። ቆዩ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። በተቻለኝ መጠን ከእኔ ሌላ ጥፋተኛ ያለ እንዲመስል አድርጌ ነው የማወራው፤ ታገሡኝ።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከተረፉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ ድርጅት ነው። ክፍሌ ፕሮሞሽን ይባላል። ኢንሹራንስ ማለት፣ ማለቴ፣ ሰው ደስ ሲለው ትዝ የማይለው ነገር ነው። መኪናው ሲጋጭ ብቻ ነው ስማችን የሚነሳው፤ ያውም ከእርግማን ጋር። ሰው በደህና ቀን የሚያስታውሰን በካላንደራችን ብቻ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ እረፍት ያጣል። ከካዛንቺስ ተነስተው በየኮንዶሚኒየሙ የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶቼ ሁሉ እኔን ያስታውሱኛል። "እንዴት ነህ የኔ ልጅ? የናትህ እግር ተሻላት? ካላንደር ደረሰ?" ይላሉ፤ ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ። የእናቴ እግር ከተሻላት አራት ዓመቷ ነው፤ ካላንደሩ ግን በየዓመቱ ነው።

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ አዲስ አለቃ መጣልን፤ አቶ ሳምሶን። ጥሩ ሰው ነው። አይቆጣም፣ አያስፈራራም፤ ብቻ ስለ ብራንድ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰበሰበና ወፍራም ሰነድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይሄ ብራንድ ጋይድላይናችን፣ የመለያችን መመሪያ ነው" አለ። "የድርጅታችን ቀለም ሰማያዊ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሰማያዊ ሲያይ እኛን ማሰብ አለበት።"

"ሰማይን ሲያይስ?" አልኩ፤ ለቀልድ ነበር።

"እሱንም!" ብሎ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቀኝ እጁ ያየኝ ጀመር። አይ የኔ አፍ!

ችግሩ ግን ሰማያዊ መሆናችን አልነበረም። ችግሩ ከመንገዱ ማዶ ያለው ኢንሹራንስ ቀይ መሆኑ ነው። ከበራፉ ምንጣፍ እስከ ሠራተኞቹ ሻርፕ ቀይ። ስለዚህ በእኛ ሕንፃ ውስጥ ቀይ የሚባል ነገር እንዳይታይ ተወሰነ። ቀይ እስክሪብቶ ተሰበሰበ። የሠራተኛ ክበቡ ቀይ ወጥ ለትንሽ ተረፈ። አቶ ሳምሶን በኮሪደሩ ሲያልፍ ደግሞ የእሳት ማጥፊያው ላይ ዓይኑ አረፈና "ይሄስ ሰማያዊ ቢቀባ?" አለ። የጥበቃ ኃላፊያችን ሞቼ እገኛለሁ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሳት ተነስቶ ሰው ማጥፊያውን ፍለጋ ቢንከራተት፣ እኛ ኢንሹራንሶቹ ማን ጋ ሄደን "ተቃጠልን" እንላለን?

ነሐሴ ላይ ካላንደሩን ለማሳተም ለገሃር አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። እዚያ አንድ ሸምገል ያሉ አታሚ አሉ፤ ናሙናውን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

"ልጄ፣ በዓላቱ ሰማያዊ ሆነዋል።"

"አዎ አባባ፣ ብራንዳችን ነው።"

"እሁዶቹም ሰማያዊ ናቸው።"

"አዎ።"

"ሌላውም ቀን ሰማያዊ ነው።"

"አይ አባባ! ሌላው ቀን ሰማያዊ ነው፤ በዓሉ ግን ደማቅ ሰማያዊ ነው። ልብ ብለው ይዩት እስቲ።"

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። "እኔ ካላንደር ሳትም ነው ያረጀሁት" አሉ። "በዓል ማለት ቀይ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ቀይዋን አይቶ ትምህርት እንደሌለ ያውቃል።"

"ዘመኑ ተቀይሯል። ረቀቅ ያለ ነገር ነው የምንፈልገው።"

"ይርቀቅላችሁ" አሉና ማሽኑን አስነሱ።

በኮምፒውተሬ ላይ ደማቁና ፈዛዛው ሰማያዊ በግልጽ ይለያል፤ እውነቴን ነው። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። የበዓላቱ ስም እንኳ ከሥር የለም፤ "ጽሑፍ አበዛችሁ፣ ገጹ ይተንፍስ" ብሎ አቶ ሳምሶን አስወጥቶታል። እኔ ግን ነገሩን አየሁት? አላየሁም። አቶ ሳምሶን ካላንደሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደና "ኮንሲስተንሲ ማለት ይሄ ነው፤ ሁሉም አንድ ወጥ!" ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። በሰማያዊ የተጻፈ።

ከዚያማ ልባችን አበጠ። በዘመን መለወጫ ፖስተር ላይ አደይ አበባን ሰማያዊ አደረግናት። አንዲት ደንበኛ ደውላ "ይሄ ተክል ለጨጓራ ነው ለደም ግፊት?" አለችን። ለመስቀል ደግሞ ደመራው በሰማያዊ ነበልባል ሲንቦገቦግ አሳየን፤ ሰው ሁሉ ወደ ቢሮአችን እየደወለ "ባለሁለት ምድጃው የጋዝ ማብሰያ ስንት ነው?" ይል ጀመር። አቶ ሳምሶን ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ "ቢያንስ እየደወሉ ነው" አለ።

አሁን እናንተ "ካላንደሩ በዓል የማያሳይ ከሆነ ያን ሁሉ ወር እንዴት ሰው ዝም አላችሁ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኛ ሰው በዓልን በካላንደር አያውቀውም፤ በሽንኩርት ዋጋ ነው የሚያውቀው። ገናን ዶሮ ተራ ይነግረዋል፣ ኢድን ጨረቃ ትነግረዋለች፣ ጥምቀትን ደግሞ ነጭ የለበሰው ሰፈር ሁሉ። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ፋሲካ አንድም ሰው ስህተቱን አላየም። ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የሠራተኞች ቀን ግን ሽንኩርት አያስወድድም። ጉዱ የፈላው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ፍቅሬ ልምጣ። ራሄል ቂርቆስ ልብስ ስፌት ቤት አላት። አባቷ ጋሽ ሀብቴ ቄራ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት አላቸው፤ በዓልም ይሁን አዘቦት ከብየዳው አይነሱም። እጃቸውን ሲጨብጧችሁ ጣታችሁን መልሳችሁ መቁጠር አለባችሁ። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ሥራዬን ጠየቁኝ።

"ኢንሹራንስ ነው የምሠራው፣ ጋሼ።"

"እዚያ ምን ትሠራለህ?"

"ብራንድ ነው የምጠብቀው።"

"ዘበኛ ነህ በለኛ! ምን ያሳፍራል፣ ሥራ ነው።"

"አይ፣ ማለቴ... የድርጅቱ ቀለም እንዳይለወጥ ነው የምከታተለው።"

ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ቀለሙ ይለቃል እንዴ?" አሉ።

ሽማግሌ ሦስቴ ልኬ ነው እሺ ያሉት። እሺም ሲሉ እንዲህ አሉ፦ "እኔ ሰው በሀብቱ አልመዝንም። በር ለማክሰኞ ካልኩ ማክሰኞ ነው። አንተም ቀን ቁረጥ፤ በቆረጥከው ቀን ልጄን ፈርመህ ውሰድ። ዘመዶቼን ከወልቂጤ ጠርቼ ቀኑ ከተዛነፈብኝ ግን አልተዋወቅንም።" ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ራሄልም "አባዬ ካለ አለ ነው" ብላኛለች።

በዚህ ፍርሃት የካቲት ላይ ቂርቆስ ወረዳ ጋብቻ የሚመዘገብበት ቢሮ ሄድኩ። ጉቦ እንዳይባል፣ ባዶ እጅም እንዳይሆን፣ ካላንደር ይዤ ነበር። ሰናይት የምትባል ትሁት ልጅ ናት የምትመዘግበው። ካላንደሩን ስታይ ፊቷ በራ። "ውይ፣ እንዴት ያምራል! ሰማያዊ ደግሞ እወዳለሁ" ብላ አሮጌውን አውርዳ የእኔን ሰቀለችው። ከፋሲካ በኋላ የሚሆን ቀን ጠየቅኳት። ወረቀቱን ገልጣ ጣቷን በሰማያዊዎቹ ቁጥሮች ላይ አስኬደች፤ ከዚያ መዝገቧን አየች።

"ሚያዝያ ሁሉ ተይዟል... ቆይ! ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ። ማንም አልያዘውም። እንዴት ያለ ዕድል ነው ያላችሁ!"

"ዕድለኛ ነን" አልኳት፤ ሁለታችንም ካላንደሩን አይተን ፈገግ አልን። ማንም ለምን እንዳልያዘው ለመጠየቅ የሚበቃ ጭንቅላት ከሁለታችን አልተገኘም።

ለሠርጌ ሳምንት ሙሉ የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ። የሰው ኃይል ክፍላችንም ያንኑ ካላንደር አይቶ ሐሙስንም ጭምር ከፈቃዴ ቆርጦ ፈረመልኝ። ራሄል ቀሚሷን ስትሰፋ ቀኑና ሌሊቱ ተምታቶባታል። ጋሽ ሀብቴ ብየዳቸው ላይ ናቸው። ዘመዶቻቸው መንገድ ላይ ናቸው። እንግዲህ ማን ይንገረን?

ሐሙስ ጠዋት በሁለት መኪናና በአንድ ሚኒባስ ተነሳን። መንገዱ ጭር ብሏል። "እግዜር ሲባርክ እንዲህ ነው፤ መንገዱን እንኳ ለቀቀልን!" አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ ከጎኔ ተቀምጠው። የወረዳው በር ግን ዝግ ነበር። ጥበቃው ወንበር ላይ ተንፈላሶ ራዲዮ ያዳምጣል።

"ወንድሜ፣ ክፈትልን፤ ቀጠሮ አለን" አልኩት።

"ዛሬ በዓል ነው።"

"የምን በዓል?"

"የሠራተኞች ቀን ነዋ። ሠራተኛ አይደለህም እንዴ?"

ሳቅሁ። ሳቄ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ወደ ሚዜዬ ወደ በለጠ ዞርኩ። ጋራዥ ነው የሚሠራው።

"በሌ፣ ዛሬ በዓል ነው?"

"አዎ። እኔማ ሥራ ስለሌለኝ አይደል በጠዋት የመጣሁት?"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?!"

"አንተ የኢንሹራንስ ሰው አይደለህ? ልዩ ፈቃድ አስፈቅደህ መስሎኝ ነዋ!"

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ፤ አቶ ሳምሶን ነው። "ይቅርታ፣ ፈቃድ ላይ እንደሆንክ አውቃለሁ" አለ በሹክሹክታ። "ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሰው የሚባል የለም። አድማ መቱ እንዴ?" ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ደማቅ ሰማያዊ። ፈዛዛ ሰማያዊ። የአታሚው መነጽር። "እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

እንግዲህ እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ሰው እባል ነበር። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ወደ አማቼ ዞሬ "ይሄ የመንግሥት ቢሮ!" አልኩ፤ ጮክ ብዬ። "ሰው በበዓል ቀን ይቀጥራሉ? ምን ዓይነት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው!" የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼኔ ነው። ከወልቂጤ የመጡት ዘመዶች ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ጋሽ ሀብቴም ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን በእኔ ላይ አልነበረም።

"ማን ናት የቀጠረችህ?"

"ሰናይት የምትባል..."

"ነገ በጠዋት ኃላፊዋ ፊት እቀርባለሁ። ከወንበሯ ሳላስነሳት አልመለስም። ይሄን ሁሉ ሽማግሌ ከአገሩ አስነስታ!"

ራሄል ቬሏን ገለጥ አድርጋ ታየኛለች። ያንን ካላንደር ማን እንዳሠራው ታውቃለች፤ የስፌት ቤቷ ግድግዳ ላይም አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስኩ።

እንዲህ ቆመን ሳለ አንዲት ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ ከታች እየሮጠች መጣች። ሰናይት ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ይቅርታ አድርጉልኝ!" አለች። "ትናንት ማታ በዓል መሆኑን ስሰማ ቀጠሯችሁ ትዝ አለኝ። ስልካችሁ ደግሞ ቢሮ ፋይል ውስጥ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነው ያደርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ካላንደሩ ላይ በዓል መሆኑ አልታየኝም።"

"አልታየኝም ማለት ምን ማለት ነው?" አሉ ጋሽ ሀብቴ። "ዓይን የለሽም? ነገ ለኃላፊሽ ትነግሪዋለሽ።"

"አባባ፣ እባክዎ! ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ከሥራዬ ነው የሚያባርሩኝ" አለችና እንባዋ መጣ። ወደ እኔ አላየችም። ካላንደሩን ማን እንደሰጣት መናገር ትችል ነበር፤ ግን በሠርጉ ቀን ሙሽራ ማሳጣት አልሆነላት መሰለኝ፣ ዝም አለች። የበዓል ጠዋቷን ትታ፣ እኛን ለመፈለግ መጥታ፣ በእኔ ፈንታ ታለቅሳለች። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ግን?

"ጋሼ" አልኩ። "ካላንደሩ የኔ ነው።"

"የምን ካላንደር?"

"እሷ ያየችው። እኔ ነኝ ያሠራሁት፣ እኔ ነኝ ያመጣሁላት። በዓላቱን ቀይ ማድረግ ሲገባኝ ሁሉንም ሰማያዊ አደረግኩት። አለቃዬ ነው እንዳልል አታሚው ፊት ለፊት ነግረውኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቅድም ወረዳውን የሰደብኩትም አውቄ ነው፤ እርስዎን ፈርቼ። ሰናይት ምንም ጥፋት የለባትም።"

ጥበቃው ራዲዮውን ቀነሰ። ጋሽ ሀብቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ፤ ሰፊ እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። አለቀልኝ አልኩ።

"ሁሉንም ቀን ሰማያዊ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በዓሉንም?"

"ደማቅ ሰማያዊ ነበር... ለማለት ነው።"

ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ፤ የወረዳውን በር ተደግፈው እስኪንበረከኩ ድረስ ሳቁ። "ስማ" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ብየዳ በጀመርኩ ሰሞን የቆርቆሮ ሱቅ ሥራ ተባልኩ። ከውስጥ ሆኜ አንድ ቀን ሙሉ በየድኩ። ጥሩ አድርጌ። ስጨርስ በር የለም። ራሴን በይጄበታለሁ! ሠራተኛ ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል። በስንጥቁ አፌን አውጥቼ የሰው ያለህ ስል ነው የዚች ልጅ እናት በዚያ በኩል ስታልፍ የሰማችኝ። ሰው እስክትጠራልኝ ድረስ በስንጥቁ ስናወራ አመሸን።" ዘመዶቻቸው ታሪኩን የሰሙት መቶኛ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን እንደ አዲስ ሳቁ። "ለሁለት ሳምንት ግን 'ከውጭ የበየደብኝ ጓደኛዬ ነው' እያልኩ አወራሁ። አንተ ሩብ ሰዓትም አልቆየህም። ትሻለኛለህ።"

ወደ ሰናይት ዞሩ። "አንቺም ልጄ፣ እንባሽን ጥረጊ። ወደ ቤት አትመለሺም፤ ከእኛ ጋር ምሳ ትበያለሽ። ፊርማው ነገ ይደርሳል። ክትፎው ግን ነገን አያውቅም።" ሽማግሌዎቹም እዚያው የወረዳው በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ ጥበቃውም ኮፍያውን አውልቆ አሜን አለ። እሱም ምሳ መጣ። ማን ይጠብቃል ስንለው "ዛሬ የሠራተኞች ቀን ነው" አለ።

ሚኒባሱ ውስጥ ራሄል አጠገቤ ተቀመጠች።

"ተናደድሽ?" አልኳት።

"ሰናይት ማልቀስ ስትጀምር ጀምሬ፣ አንተ እስክትናገር ድረስ በልቤ ስቆጥር ነበር" አለች። "ሰባት ላይ ተናገርክ። አሥር ቢሞላ ኖሮ ከአባዬ ጋር ወደ ቄራ ነበርኩ።"

በማግሥቱ፣ ሚያዝያ ሃያ አራት፣ ሰናይት ራሷ በራሷ እስክሪብቶ አስፈረመችን። አቶ ሳምሶንም ቢሮ ስመለስ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ብቻ ጋይድላይኑ ላይ አንድ ገጽ ተጨምሮ አየሁ፦ ቀይ በበዓል ቀናት ላይ ብቻ ይፈቀዳል ይላል። እግዜር ይስጠው።

የጋብቻ ወረቀታችን ሃያ አራት ነው የሚለው። ራሄል ግን አሻፈረኝ አለች። "ሃያ አራት የፈረምክበት ቀን ነው" ትለኛለች፤ "እኔ ያገባሁህ ሃያ ሦስት ላይ፣ በሩ ላይ ቆመህ 'የኔ ነው' ያልክ ጊዜ ነው።" ሌላው ባል የጋብቻውን ቀን ረስቶ "ሥራ በዝቶብኝ" ይላል። እኔ ይህ ሰበብ እንኳ የለኝም። በየዓመቱ በዚያ ቀን መንግሥት መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ዘግቶ፣ አገር ሙሉ እረፍት ወጥቶ፣ ራዲዮው ጠዋት በሠራተኛ መዝሙር ይቀሰቅሰኛል። ረሳሁት ብላት ማን ያምነኛል?